የአሜሪካ ጦር የውጊያ ባጅና የተሳሳተ የአገልግሎት መዝገብ፦ ለማን ይገባል? እንዴት ይስተካከላል?

ከአሜሪካ ምድር ጦር የተሰናበተ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ዋናው ወረቀት ዲዲ 214 ነው። 13ኛው ሳጥን ሜዳሊያና ባጅ የሚዘረዘርበት ነው። ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ዘምቶ፣ ተተኩሶበትና ተኩሶ የተመለሰ ወታደር እዚያ ሳጥን ውስጥ የውጊያ ባጁን ካላገኘ ከሁለት አንዱ ሆኗል ማለት ነው። ወይ ባጁ በትእዛዝ ተሰጥቶት ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ወይ ከነጭራሹ አልተሰጠውም። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ችግር ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው፣ የሚንኳኳውም በር ሌላ ነው። ይህን ሳይለዩ ማመልከቻ መጻፍ ለወራት ጠብቆ "በቅድሚያ ወደሚመለከተው ክፍል ያቅርቡ" የሚል ደብዳቤ ለመቀበል ይዳርጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መመሪያው የምድር ጦሩን ብቻ ይመለከታል። የባሕር ኃይል፣ የማሪንና የኮስት ጋርድ አባላት በባጅ ፈንታ የውጊያ ተሳትፎ ሪባን አላቸው፤ አየር ኃይሉ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ የራሱ የውጊያ ተሳትፎ ሜዳሊያ አለው። የእነሱ መስፈርትም ቢሮም የተለየ ነው።

ነገሩ የደረት ጌጥ ብቻ አይደለም። ባጁ በራሱ የሚያስከፍለው ጡረታ ወይም ካሳ የለም። ነገር ግን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) የውጊያ ባጅን ወታደሩ በውጊያ ላይ እንደነበረ ማስረጃ አድርጎ ይቀበለዋል። በሕጉ መሠረት በውጊያ ላይ የነበረ ሰው "እዚያ ቦታ እንዲህ ሆንኩ" ሲል ቃሉ ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር እስከተስማማ ድረስ የሕክምና ሰነድ ባይኖርም ይታመናል። የጆሮ ጉዳት፣ የወገብ ጉዳት ወይም ከውጊያ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ሸክም ያቀልለታል። ባጅ የሌለው ሰውም ቪኤ ዘንድ መንገድ አለው፤ ስለዚህ ባጁ እስኪመጣ ብለው የካሳ ማመልከቻዎን አያዘግዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የትኛው ባጅ? ሦስቱን መለየት

የምድር ጦሩ የሽልማት ደንብ ቁጥሩ 600-8-22 ነው። ማመልከቻዎን የሚያየው ሰው ከፊቱ ዘርግቶ የሚያመሳክረው ይህንኑ ስለሆነ የባጅዎን ክፍል አንድ ጊዜ ቢያነቡት አይቆጭዎትም።

የመጀመሪያው የእግረኛ ውጊያ ባጅ ነው፤ ወታደሩ በአጭሩ ሲአይቢ ይለዋል። በኦክቶበር 1943 የተቋቋመ ሲሆን ከዲሴምበር 6 ቀን 1941 ወዲህ ላለ አገልግሎት ይሠራል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መሟላት አለበት። ወታደሩ በእግረኛ ወይም በልዩ ኃይል ሙያ ሠልጥኖ በዚያው ሙያ እየሠራ፣ ማዕረጉም ከኮሎኔል ያልበለጠ መሆን አለበት። ክፍሉ ብርጌድ፣ ሬጅመንት ወይም ከዚያ ያነሰ የእግረኛ፣ የሬንጀር ወይም የልዩ ኃይል ክፍል መሆን አለበት። ክፍሉ ከጠላት ጋር በምድር ሲዋጋም ወታደሩ ራሱ በቦታው ተገኝቶ ጠላት የተኮሰበት መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው። ክፍሉ በዘመቻው ተሳትፏል ተብሎ የሚሰጠው እውቅና ብቻውን አይበቃም። ሻለቃው በሙሉ ሲዋጋ እርስዎ በዕረፍት ላይ ወይም በኋላ ደጀን ከነበሩ የሻለቃው ውጊያ የእርስዎ አይሆንም።

ሌላው መሰናክል ሙያው ነው። ደንቡ በዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም፤ ሙያው እግረኛ ወይም ልዩ ኃይል ያልሆነ ሰው ያደረገው ምንም ይሁን ምን ሲአይቢ አያገኝም። ኢራቅ ውስጥ መድፉን አስቀምጦ ለወራት እንደ እግረኛ በየመንደሩ ሲቃኝ የከረመ መድፈኛ፣ ታንኩን ትቶ በር እየሰበረ ቤት ሲፈትሽ የነበረ ታንከኛ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ፍትሐዊ ነው ወይ ቢባል ያከራክራል፤ ማመልከቻ ላይ መከራከር ግን ጊዜ ማጥፋት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ከዚህ በታች የምናየው ሦስተኛው ባጅ አለ። ሁለት ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ግን ማወቅ ይጠቅማል። የእግረኛ ሙያው ዋና ሙያ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ወታደሩ በሙያው ሠልጥኖ ኮዱን ከያዘና ውጊያው ሲካሄድ በዚያ ሙያ እየሠራ ከነበረ ይበቃል። ከሌላ የጦር ዘርፍ የመጣ መኮንን ደግሞ በትእዛዝ የእግረኛ ተዋጊ ክፍልን ቢያንስ ለ30 ተከታታይ ቀናት ካዘዘ እንደ እግረኛ ይቆጠርለታል።

ሲአይቢ በአንድ የጦርነት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ዘመኖቹ አራት ናቸው፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፤ ኮሪያ፤ ቬትናምን ከግሬናዳ፣ ከፓናማ፣ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነትና ከሶማሊያ ጋር የሚያጠቃልለው ረጅም ዘመን፤ እና ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 የሚጀምረው። ኢራቅም አፍጋኒስታንም የዘመተ ሰው "ሁለተኛ ይገባኛል" ቢል አያገኝም፤ ሁለቱም አንድ ዘመን ናቸው።

ሁለተኛው የሕክምና ባለሙያዎች የውጊያ ባጅ፣ ሲኤምቢ ነው። በማርች 1945 ተቋቁሞ እስከ 1941 ድረስ ወደ ኋላ እንዲሠራ ተደረገ። ሲጀመር ከእግረኛ ጋር ለሚዘምቱ የሕክምና ሰዎች ብቻ ነበር። ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ወዲህ ላለው ጊዜ ከአቪዬሽን በስተቀር ብርጌድና ከዚያ ያነሰ ማንኛውም የምድር ተዋጊ ክፍል ውስጥ የሕክምና ሥራውን ሲሠራ የተተኮሰበትን ሁሉ ያቅፋል። ቁልፉ "የሕክምና ሥራውን ሲሠራ" የሚለው ነው፤ ሙያው ሕክምና ሆኖ በዕለቱ በር ጠባቂ የነበረ ሰው ማመልከቻው ደካማ ይሆናል።

ሦስተኛው የውጊያ ተሳትፎ ባጅ፣ ሲኤቢ፣ በሜይ 2005 የመጣ ሲሆን ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 በፊት ላለ አገልግሎት አይሰጥም። ቬትናም የተዋጋ ታንከኛ ወይም በ1993 ሞቃዲሾ የነበረ ሾፌር በዚህ ባጅ ማመልከት አይችልም። የሙያ ገደብ የለበትም። አመልካቹ የጠላት ተኩስ ወይም የቅርብ አደጋ አበል በሚከፈልበት አካባቢ የተሰጠውን ሥራ እየሠራ፣ ራሱ በቦታው ተገኝቶ ጠላትን የወጋ ወይም በጠላት የተወጋ መሆን አለበት። በተኩስ ደንቡ መሠረት ተግባሩን በአግባቡ መወጣቱም ይታያል። ከዚህ ሌላ ሲአይቢ ወይም ሲኤምቢ በሚያስገኝ ምድብ ላይ ያልነበረ መሆን አለበት። አንድ እግረኛ በኮር ጠቅላይ መምሪያ ተመድቦ ከነበረ ሲኤቢ ይጠይቃል፤ በእግረኛ ሻለቃ ውስጥ ከነበረ ግን መጠየቅ ያለበት ሲአይቢን ነው።

ሲኤቢ ላይ ትልቁ ክርክር የሞርታርና የሮኬት ጥቃት ነው። "ካምፓችን በየቀኑ ይደበደብ ነበር" የሚል ማመልከቻ አይሄድም። መርማሪው የሚፈልገው ጥይቱ ወይም ፍንዳታው እርስዎን ሊያቆስል ወይም ሊገድል በሚችል ርቀት ላይ መውደቁን ነው። ካምፑ ሰፊ ሆኖ ሮኬቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጫፍ ወድቆ እርስዎ ምግብ ቤት ከነበሩ ድምፁን መስማትዎ ባጅ አያሰጥም። በመንገድ ዳር ፈንጂም እንዲሁ ነው፤ ከፊት ያለው መኪና ሲመታ እርስዎ ያሉበት መኪና ስንተኛው እንደነበረ፣ በሜትር ስንት እንደሚርቅ መጻፍ አለበት።

በቀኝ ትከሻ ላይ የሚሰፋው የጦር ሜዳ ምልክት የውጊያ ባጅ አይደለም፤ በዘመቻ ቦታ በማገልገል የሚገኝ ነው። ፐርፕል ሃርትም ሌላ ነው። መቁሰልን እንጂ በውጊያ ሙያ መሰማራትን አያሳይም፤ ሆኖም የፐርፕል ሃርት ትእዛዝ ቀንና ቦታ ስለሚይዝ ለባጁ እጅግ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

1. ሙሉ ፋይሉን ማውጣት

በእጅዎ ያለችውን አንዲት ወረቀት ይዘው አይጀምሩ። የተሰናባች ወታደሮች ፋይል የሚገኘው ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በኩል ነው። ጥያቄው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ወይም ኤስኤፍ 180 በሚባለው ቅጽ ይቀርባል። ቅጹ በእጅ ካልተፈረመና ቀን ካልተጻፈበት ይመለሳል። ለባለቤቱ አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ "በ24 ሰዓት እናወጣለን" እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ገጾች የሚሞሉት ይህንኑ ነፃ ቅጽ ነው።

ቅጹ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። ዲዲ 214 ሲጠይቁ ምንም ያልተቀነሰበትን ቅጂ ይምረጡ፤ የተቀነሰበት ቅጂ የስንብቱን ዓይነት፣ ምክንያትና ኮዶች ስለማያሳይ ለመዝገብ ማስተካከያ ቦርድም ለቪኤም አይረባም። ሌላ ሰነድ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ሙሉ የሠራተኛ ፋይልዎን፣ የሽልማትና የምደባ ትእዛዞችን ሁሉ ጨምሮ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ። ካልጻፉ ዲዲ 214ቱን ብቻ ልከው ጉዳዩን ይዘጋሉ።

የሕክምና ካርድ ከዚህ ተለይቶ ይጠየቃል። ከኦክቶበር 1992 አጋማሽ እስከ 2013 መጨረሻ ከምድር ጦር የተሰናበተ ሰው የሕክምና ፋይሉ ወደ ቪኤ ተላልፏል። የብሔራዊ ዘብ አባል ከነበሩ ደግሞ ለዘመቻው የተሰጠዎት ዲዲ 214 እና ከዘቡ ሲሰናበቱ የተሰጠዎት ኤንጂቢ 22 የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ይያዙ።

በጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ላይ የተነሳው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል አውድሟል። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ፋይል 80 ከመቶ ያህሉ ጠፍቷል። "የእርስዎ ፋይል በቃጠሎው ሳይጠፋ አይቀርም" የሚል መልስ ከመጣ መጨረሻው አይደለም፤ ኤንኤ 13075 የሚባለውን ቅጽ በመሙላት ክፍልዎን፣ ቀኖቹንና የሄዱበትን ቦታ ካስታወሱ ከደመወዝ ሰነድ፣ ከክፍሉ የጠዋት ሪፖርትና ከመሳሰሉት መዝገብዎን እንደገና ለመሰብሰብ ይሞክራሉ።

2. ፋይሉ ሲመጣ፦ ትእዛዝ አለ ወይስ የለም?

ባጁን የሚሰጥ ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ አለ ወይ ብለው ገጽ በገጽ ይፈልጉ። የባጅ ትእዛዝ አንዳንዴ የብዙ ወታደሮች ስም በአንድ ገጽ ተደርድሮ የወጣ ስለሆነ ስምዎ መሐል ላይ ሊደበቅ ይችላል።

ትእዛዙ ካለና 13ኛው ሳጥን ላይ ከሌለ ጉዳይዎ ቀላል ነው። የጽሕፈት ግድፈት ነውና ቦርድ አያስፈልገውም። ፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ ለሚገኘው የጦሩ የሰው ሀብት ዕዝ ትእዛዙንና ዲዲ 214ቱን አያይዘው በአንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲታረም ይጠይቃሉ። ዕዝ ሲያጸድቅ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ያወጣል። የድሮው ዲዲ 214 አይቀየርም፤ 215ቱ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ሁልጊዜ ሁለቱን አብረው ያቅርቡ፤ 214ቱን ብቻ የሚያይ ሰው ባጁን አያየውም።

ትእዛዙ ከሌለ ባጁ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሰጥዎት እየጠየቁ ነው፤ አድካሚው ሥራም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

3. ማስረጃ፦ አራት ቀዳዳ መድፈን

መርማሪው አራት ጥያቄ ይዞ ያነባል። ሙያዎ ምን ነበር? በዕለቱ የየትኛው ክፍል ነበሩ? ያ ውጊያ በእርግጥ ተካሂዷል? እርስዎስ እዚያው ነበሩ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዲዲ 214፣ የምደባና የዘመቻ ትእዛዞች ይመልሳሉ። ከሌላ ክፍል ጋር ተያይዘው ከዘመቱ የተያያዙበት ትእዛዝ ግዴታ ነው፤ ብዙ ማመልከቻ በዚህ አንድ ወረቀት መጥፋት ብቻ ይወድቃል። ካልተገኘ የአፈጻጸም ምዘና ወረቀትዎ ላይ ክፍሉና ጊዜው ተጽፎ ይሆናል።

ውጊያው መካሄዱን የሚያረጋግጡት የክፍሉ የዕለት መዝገብ (ዲኤ 1594)፣ የጥቃት ሪፖርቶች፣ የጉዳት ሪፖርቶችና በዚያው ውጊያ ለሌሎች የተጻፉ የሽልማት ምክንያቶች ናቸው። የኮሪያና የቬትናም ክፍሎች መዝገብ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የኢራቅና የአፍጋኒስታን ሪፖርት በመረጃ ነፃነት ሕግ ይጠየቃል፤ ቀንና ክፍል በትክክል ሳይጠቅሱ "በ2006 የተካሄዱ ውጊያዎች" ብለው ከጠየቁ ማንም አያገኝልዎትም። የደመወዝ ወረቀት ላይ ያለ የጠላት ተኩስ አበል የሚያሳየው በአካባቢው መኖርዎን ብቻ ነው፤ ያያይዙት፣ ነገር ግን አይመኩበት።

አራተኛው ቀዳዳ፣ በቦታው መገኘትዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደፈነው በዓይን ምስክር ነው። ሁለት ምስክር ያግኙ። ከሁለቱ አንዱ የበላይዎ የነበረ ቢሆን ይመረጣል። ቃሉ ዲኤ 2823 በሚባለው የቃለ መሐላ ቅጽ ላይ ቢሰፍር ወይም በኖተሪ ቢረጋገጥ ጥሩ ነው። የምስክሩ ቃል የሚደክመው ባለማወቅ ሲመሳሰል ነው፤ ሁለት ምስክሮች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከጻፉ አመልካቹ ራሱ አዘጋጅቶ እንዳስፈረማቸው ያስነብባል። ደካማው ቃል እንዲህ ይላል፦

"ሳጅኑ ከእኔ ጋር በኢራቅ አገልግሏል፤ ብዙ ጊዜ ተተኩሶብናል፤ ጀግና ወታደር ነበር፤ ባጁ ይገባዋል።"

ይህ ምስጋና እንጂ ምስክርነት አይደለም። የሚሠራው ቃል እንዲህ ያለ ነው፦

"በተባለው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ አራት መኪና ሆነን ከጣቢያችን ወጥተን ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ እንጓዝ ነበር። እኔ የሁለተኛው መኪና አዛዥ ነበርኩ፤ እሱ የሦስተኛው መኪና መትረየስ ተኳሽ ነበር። የመጀመሪያው መኪና በፈንጂ ተመታ። ከመንገዱ በስተግራ ካለ ሕንፃ በአነስተኛ መሣሪያ ይተኮስብን ጀመር። ከእኔ 40 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሆኖ ወደ ሕንፃው ሲተኩስ በዓይኔ አይቻለሁ። ተኩሱ 10 ደቂቃ ያህል ቆየ።"

ማዕረግ፣ ኃላፊነት፣ ርቀት፣ አቅጣጫ፣ ምን እንደታየ፤ ከዚህ ያለፈ ማስጌጫ አያስፈልግም። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር መጻፉን ያረጋግጡ፤ በአማርኛ ያወራነውን 9 ሰዓት እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ ከክፍሉ መዝገብ ጋር የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል፣ ምስክሩም ውሸታም ይመስላል። ማስረጃ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ተርጓሚው ስሙን ጽፎ፣ ትርጉሙ ትክክል መሆኑንና ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅ በፊርማው አረጋግጦ መያያዝ ይኖርበታል።

4. ማመልከቻው ወደ ሰው ሀብት ዕዝ

አሁንም በሥራ ላይ ያለ ወታደር ጥያቄውን በዲኤ 4187 ቅጽ በዕዝ ሰንሰለቱ በኩል ያስተላልፋል። የተሰናበተ ሰው ራሱ በቀጥታ ወደ ፎርት ኖክስ፣ ወደ ዕዙ የሽልማት ክፍል ይጽፋል። ጥቅሉ ላይ ከላይ የሚቀመጠው አንድ ገጽ የሚሆን ትረካ ነው፦ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከየትኛው ክፍል ጋር፣ በምን ኃላፊነት፣ ምን ሆነ። አንድ ውጊያ ይምረጡ። ሦስትና አራት ደብዛዛ ክስተት ከመደርደር በሁሉም ወገን ማስረጃ ያለው አንድ ክስተት ይበልጣል። ከዚያ ዲዲ 214፣ የዘመቻና የምደባ ትእዛዞች፣ የምስክሮች ቃል፣ የክፍሉ ሪፖርት፣ በመጨረሻም ተጨማሪው ሁሉ። ዋናውን ወረቀት በፍጹም አይላኩ፤ ቅጂ ብቻ።

እዚህ ላይ ባጅንና ሜዳሊያን ማደባለቅ ጊዜ ያባክናል። እንደ ብሮንዝ ስታር ያለ ሜዳሊያ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚታሰበው በዲኤ 638 የድጋፍ ሐሳብ ተጽፎ በምክር ቤት አባል በኩል ሲቀርብ ነው። ለባጅ ይህ መንገድ አያስፈልግም። የምክር ቤት አባል ቢሮ ሊረዳ የሚችለው ጉዳዩ የት እንደደረሰ በመጠየቅ ነው፤ ለዚያም ፈቃድ የሚሰጥ ቅጽ ያስፈርምዎታል። ውሳኔ አያስቀይርም።

ዕዝ "አይገባውም" ካለ ደብዳቤውን እንደ ወርቅ ይያዙት። ወደሚቀጥለው በር የሚያስገባው እሱ ነው።

5. የመዝገብ ማስተካከያ ቦርድ

የጦሩ የመዝገብ ማስተካከያ ቦርድ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው። አባላቱ የጦሩ ሲቪል ሠራተኞች ናቸው። ማመልከቻው ዲዲ 149 በሚባል ቅጽ፣ በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ይገባል። በቅድሚያ የሰው ሀብት ዕዙን በር ሳያንኳኩ ከመጡ ሳያይ ይመልስዎታል።

ቅጹ ላይ የሚፈለገው እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ "በዲዲ 214ዬ 13ኛ ሳጥን ላይ የውጊያ ተሳትፎ ባጅ እንዲጨመር።" ምክንያቱ ደግሞ በተያያዘ ገጽ። "መዝገቤ ይስተካከል" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ጥያቄ ምን እንደሚፈለግ ስለማይታወቅ ይጉላላል።

ስሕተቱን ካወቁበት ቀን አንስቶ ሦስት ዓመት የጊዜ ገደብ አለ። ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል ገደቡን ማንሳት ይችላል፤ ስለዚህ ቅጹ ለምን እንደዘገዩ ሲጠይቅ ባዶ አይተዉት። "አላወቅሁም ነበር" ከማለት መቼ፣ በምን አጋጣሚ እንዳወቁት ይጻፉ፤ ለምሳሌ ቪኤ የካሳ ጥያቄዎን ሲመልስ በላከው ደብዳቤ ቀን።

ቦርዱ ሲጀምር መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ይገምታል። ስሕተት መኖሩን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው፤ መለኪያውም የማስረጃ ሚዛን ወደ እርስዎ መድፋቱ ነው። አንዳንዴ ቦርዱ ከባለሙያ ክፍል አስተያየት ያስመጣና ቅጂውን ይልክልዎታል። በተሰጠዎት ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ፤ አስተያየቱ "አልተገኘም" ያለውን ሰነድ ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። በአካል ቀርቦ መናገር መብት አይደለም፤ ጉዳዩ በወረቀት ይወሰናል ብለው ይዘጋጁ። ሕጉ ቦርዶቹ አብዛኛውን ጉዳይ በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር እንዲጨርሱ ያዛል። አድራሻ ሲቀይሩ ሳያሳውቁ መቅረት ውሳኔው የድሮ ቤትዎ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል።

ከተከለከሉ ቦርዱ ከዚህ በፊት ያላየው ማስረጃ ይዘው ዳግም እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። የድሮውን ክርክር በአዲስ ቁጣ መጻፍ አዲስ ማስረጃ አይደለም። እዚህ ደረጃ ላይ ብቻዎን አይግፉ። የአሜሪካን ሌጅን፣ ዲኤቪ እና ቪኤፍደብልዩ የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሠለጠኑ ተወካዮች ያለ ክፍያ ያግዛሉ።

የስንብት ዓይነት ማሻሻል ሌላ ጉዳይ ነው። ስንብቱ ከ15 ዓመት ያልበለጠ ከሆነ በዲዲ 293 ወደ ስንብት መርማሪ ቦርድ ይሄዳል። ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ቅጽ ላይ አይቀላቅሉ።

ስምና የልደት ቀን፦ የእኛ ሰው ችግር

ከኢትዮጵያ የሄደ ወታደር የሚገጥመው ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም ይገባል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ድርብ፣ ሌላው ነጠላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የባጅ ትእዛዙ በአንድ አጻጻፍ፣ ዲዲ 214ቱ በሌላ ሆኖ ትእዛዙ ፋይል ውስጥ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ፋይል ሲጠይቁ የተጻፈባቸውን አጻጻፎች ሁሉ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ጋር ይዘርዝሩ።

መለየት ያለበት ነገር ይህ ነው፦ በአገልግሎት ጊዜ የነበረው ሕጋዊ ስም በስሕተት ተጽፎ ከሆነ ይታረማል። ከተሰናበቱ በኋላ ዜግነት ሲወስዱ ወይም ሲያገቡ ስምዎን ቀይረው ከሆነ ግን ጦሩ በደንቡ ዲዲ 214ቱ በአገልግሎት ጊዜ የነበረውን ስም እንዲያሳይ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። ያን ጊዜ የስም ለውጡን የፍርድ ቤት ወይም የዜግነት ወረቀት ከ214ቱ ጋር አያይዞ ለቪኤ ማቅረብ ይበቃል።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመር ሲገባ ሳይደመር ወይም በተሳሳተው ተደምሮ የገባ ቀን ዕድሜን ያዛንፋል። ለማረም የልደት የምስክር ወረቀቱን ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር፣ እንዲሁም ወደ ጦሩ ሲገቡ ያቀረቡትን የኢሚግሬሽን ሰነድ ይዘው ይቅረቡ። ማስተካከል ያለብዎት ሁሉም ጋ መሆኑን አይርሱ፤ ጦሩ አርሞ ሶሻል ሴኩሪቲው የድሮውን ከያዘ ቪኤ ሁለት ሰው ያያል።

ለሟች ቤተሰብ

ባለቤቱ ካረፈ ፋይሉን ሌላ ያላገባች ሚስት ወይም ሌላ ያላገባ ባል፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሊጠይቅ ይችላል፤ የሞት ማስረጃ ይያያዛል። ወታደሩ ከተሰናበተ 62 ዓመት ካለፈ ፋይሉ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን ማንም ሊያወጣው ይችላል፣ ያኔ ግን የቅጂ ክፍያ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲአይቢ ወይም ሲኤምቢ ላገኘ ሰው ብሮንዝ ስታር ሜዳሊያም ስለሚገባ ቤተሰቡ ሁለቱን አብሮ ይጠይቅ።

የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ልጆች አንዳንዴ አባታቸው ኮሪያ ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ስለተዋጋ ፋይሉ ሴንት ሉዊስ ያለ ይመስላቸዋል። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰልፎ ቢዋጋም ወታደሮቹ የኢትዮጵያ ሠራዊት አባላት ነበሩ። ስለዚህ የግል ፋይላቸው እዚያ አይገኝም፤ ኤስኤፍ 180 መሙላትም ፋይዳ የለውም። የሚጠቅመው ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የ7ኛ ክፍለ ጦርና የ32ኛው ሬጅመንት የዕዝ ሪፖርት ነው። ቀኑንና ሬጅመንቱን ይዘው ከጠየቁ የሻለቃው ውጊያዎች በወቅቱ እንዴት እንደተመዘገቡ ያገኛሉ፤ የግለሰብ ስም ግን ሁልጊዜ አይኖርበትም።